ዲቪ የደረሰው ሻንጣ

እኛ ቤት መጠባበቂያ የሚባል ነገር ዕድሜ የለውም። መጠባበቂያ ሻማ መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ማታ ያልቃል፤ መጠባበቂያ ብር ወሩ ሳይጋመስ ይበደራል፤ መጠባበቂያ አምፖል የት መሳቢያ እንደገባ የሚያውቅ የለም። የቤቱን ትርፍ ቁልፍ እንኳ አስቀርጸን ለጎረቤት ብንሰጥ፣ ጎረቤት ቤት ሲለቅ ይዞት ሄደ። ስለዚህ አፋር ላይ ምድር መንቀጥቀጥ ጀምራ ባለቤቴ «ለክፉ ቀን የሚሆነንን ዕቃ አንድ ሻንጣ ውስጥ እናዘጋጅ» ስትል፣ እኔ የሰጋሁት ለመሬቱ ሳይሆን ለሻንጣው ነበር።

ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ማንም ሳይነካቸው መንቃጨል ጀመሩ። ትንሿ ልጃችን ወደ ኮርኒሱ ቀና ብላ «ላይ ቤት ያሉት እየጨፈሩ ነው» አለች። እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው ላይ ነው። ከኛ በላይ ያለው ቆርቆሮና ርግብ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከተማው በሙሉ የሥነ ምድር ባለሙያ ሆኖ ዋለ። የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር ሒሳብ እየሰበሰበ ስምጥ ሸለቆው በየዓመቱ በሚሊ ሜትር እየሰፋ መሆኑን፣ ፈንታሌና ዶፈን ሥር ደግሞ ቅልጥ ዐለት መሬቱን እየሰነጠቀ እንደሚገባ ያስረዳ ነበር። የሚገርመው ትክክል ነበር። የዚያን ማታው መንቀጥቀጥ መጠን 4.9 ሲሆን፣ መነሻው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በመኪና መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም የሚርቀው የአዋሽና የፈንታሌ አካባቢ ነው። እዚያ ለሚኖረው ሰው ነገሩ የብርጭቆ ጉዳይ አልነበረም። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ቤት ፈርሶ፣ መሬት ተሰንጥቆ፣ ወራቱ ሲገፋ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ መጠለያ ገባ። እኛ ያንን በቴሌቪዥን እያየን ሻንጣው ቀይ ይሁን ጥቁር እንከራከራለን።

ቀዩ አሸነፈ። አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ሻንጣ ነው፤ የአየር መንገዱ ወረቀት ከነባርኮዱ እጀታው ላይ እንደተጣበቀ ነበር። ያቺ ወረቀት ኋላ ምን እንደምታመጣ ቢታወቅ ኖሮ በመቀስ በተቆረጠች።

ዝርዝሩን ከኢንተርኔት ያወጣችው ትልቋ ልጃችን ናት። ለ72 ሰዓት ያለ ማንም እርዳታ የሚያቆይ ዕቃ ነው የሚለው። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ግን እኛን አያውቀንም። የውሻ ምግብ ያዙ ይላል፤ ውሻ የለንም። የቆርቆሮ መክፈቻ ይላል፤ እኛ ቆርቆሮ የምንለው ቱናና ድልህ ነው፣ እሱንም ቢላ ይበቃዋል። የአካባቢያችሁን ካርታ ይላል፤ የኛን ብሎክ እንኳን ካርታ፣ ምግብ የሚያመላልሰው የሞተር ልጅም አያገኘው። ያም ሆኖ አጥንቱ ትክክል ነው፦ ውሃ፣ ምግብ፣ ብርሃን፣ ሬዲዮ፣ መድኃኒት፣ ሰነድ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ፊሽካ። ፊሽካው ፍርስራሽ ሥር የቀረ ሰው ድምፁ እስኪዘጋ ከሚጮህ እንዲነፋው ነው። ወንዱ ልጃችን ይህንን ሲሰማ ፊሽካውን እስኪያምረው ነፋው። ጥበቃው ሌባ የተያዘ መስሎት ዱላውን ይዞ አራት ፎቅ ወጣ።

ውሃው ላይ ግን ወገባችን ተያዘ። ሒሳቡ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ነው፤ ለመጠጥና ለጥቂት ንጽሕና። አምስት ነን። ለሦስት ቀን ስልሳ ሊትር ይመጣል፤ ሦስት ባለ ሃያ ጀሪካን፣ ስልሳ ኪሎ። ይኼ ሻንጣ የሚገባ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሦስቱን ጀሪካን ኮሪደር ላይ ደርድረን፣ ቀይ ፕላስተር ለጥፈን «አይነካም» የሚል ጻፍንበት። የሰፈራችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያሻም። አንድ ሳምንት ፈረቃው ተዘለለ። ሮቶው ደረቀ፤ በርሜሉ ታጠበ የሚያስብል እስኪሆን ተሟጠጠ። ባለቤቴ ቀዩን ፕላስተር ቆማ አነበበችው፣ ሽንት ቤቱን አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይኼ ራሱ አደጋ አይደለም?»

መልስ አጣሁ፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁም። ለአንድ ትልቅ ክፉ ቀን የሚቀመጥ ዕቃ፣ በየሳምንቱ ከሚመጡት ትንንሽ ክፉ ቀኖች ማን ያስጥለዋል? ያንን ዝርዝር የጻፈው ሰው ቧንቧው ከዓመት ዓመት የሚወርድለት ሰው መሆን አለበት። ቀዩ ፕላስተር ተላጠ።

ውሃ ማከሚያውም የራሱን መዘዝ አመጣ። ሽታ ያልተጨመረበትና አምስት በመቶ ገደማ የሆነ በረኪና ከተገኘ፣ ለአንድ ሊትር ጥርት ያለ ውሃ ሁለት ጠብታ አድርጎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ወንዱ ልጃችን ይህንን አንብቦ ከሱቅ የመጣውን በረኪና ሃይላንድ ውስጥ ገልብጦ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠ። አማቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን «ያለ እሱ ምን መንገድ ይወጣል» ብለው አንድ ሃይላንድ ጸበል ጨምረዋል። ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ሁለቱም ክዳናቸው ሰማያዊ። ባለቤቴ ከፍታ ያሸተተችው የመጀመሪያው ጠርሙስ በረኪናው ባይሆን ኖሮ ይህንን ወግ አልጽፍም ነበር። የሰፈር በረኪና በየትኛው መጠን እንደተበጠበጠም የሚያውቅ የለም፤ በዚያው ቀን ወጥቶ ወለል ማጠቢያ ሆነ። በምትኩ ከመድኃኒት ቤት ውሃ አጋር ገዛን፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ከጸበልም ጋር አይምታታም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ፋሻ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ቤታዲን፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ፓራሲታሞል፣ የእጅ ጓንት ስንል ፋርማሲስቱ «ክሊኒክ ልትከፍቱ ነው?» አለን። አማቴ በበኩላቸው ዳማከሴና ጥቁር አዝሙድ አከሉ። ከዚያ በላይ ስለ መድኃኒቱ የምለው የለኝም።

ምግቡ ላይ እናቴ ገባችበት። ደብረ ብርሃን ሆና በስልክ ዝርዝሩ ሲነበብላት ብስኩት የሚለው ላይ ሲደረስ ሳቋ መስመሩን ሊበጥሰው ደረሰ። «ሰው ቤቱ ፈርሶበት ብስኩት ይቆረጥማል?» በሳምንቱ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ በአውቶቡስ ላከች፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ። ከዝርዝሩ ሁሉ በፈረንጅ የማንበለጥበት ቦታ ቢኖር ይኼ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ ተፈጭቷል፣ ውሃና ጨው ካለ በአንድ ኩባያ ሆድ ይሞላል። ዳቦ ቆሎው ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ሳምንታት አያስፈራውም። ድርቆሹን በሞቀ ውሃ ማርጠብ ነው። አያቶቻችን ለዘመቻ ሲወጡ ቋጥረውት የሄዱት ይህንኑ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፦ ይጣፍጣል። የፈረንጅ ብስኩት ትልቁ ጥቅም የማይጣፍጥ መሆኑ ነው፤ ሳይነካ አምስት ዓመት ይቆያል። ጭኮ ግን በር ሥር ተቀምጦ፣ ቅቤው እየሸተተ፣ ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት?

ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበረ ጭኮውና ቋንጣው ለጊዜው ተርፈዋል። ታኅሣሥ 26 ሌሊት፣ ለአሥር ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሌላ ነቀነቀን፤ ከመስከረሙ የበረታ። ልጆቹ አልነቁም። እኔና ባለቤቴ ተነሥተን ከሻንጣው አጠገብ ቆምን፣ ተያየን፣ ቆመ። ሻንጣው ያኔ ሙሉ ነበረ፤ ያች ሌሊት የክብሩ ጫፍ ናት። ከሦስት ቀን በኋላ ገና ሆነ፣ ጾሙ ተፈታ። ቋንጣው ፍርፍር ሆኖ ቀረበ። ጭኮውን ማን እንደበላው እስካሁን አልታወቀም፤ ሁሉም የበላው ጥቂት ነው፣ ጥቂቱ ሲደመር ግን ሙሉ ነው። የእጅ ባትሪው መብራት በጠፋ ማታ ወጥቶ አልተመለሰም። የሬዲዮው ድንጋዮች ወደ ግድግዳ ሰዓቱ ተዛወሩ። ጥሬ ገንዘቡን በዝርዝር ነበር ያስቀመጥነው፤ ኔትወርክ ከሌለ ስልክ ውስጥ ያለ ብር ብር አይደለም፣ መቶ ብር ይዘህ መልስ የሚሰጥህም አይገኝም በሚል ስሌት። ዝርዝር ብር ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ተማሪ ግን ጠዋት ጠዋት ታክሲ ይሳፈራል።

ነገሩን ጨርሶ ያበላሸው ፎቶ ኮፒ ነው። የሰነድ ቅጂ ያዙ የሚለው ምክር ልክ ነው፤ የቤቱ ካርታ ከቤቱ ጋር ከተቀበረ ምን ያደርግልናል? ስለዚህ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬታችንን፣ ፋይዳውን፣ ካርታውን፣ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ማስረጃውን ሰብስቤ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ክምሩን አገላብጣ ቀና አለች።

«እንኳን ደስ ያለዎት!»

«ለምኑ?»

«ውይ፣ እኔ ለማንም አልናገርም።»

እውነቷን ነው፤ ለማንም አልተናገረችም። ለሁሉም ነው የተናገረችው። ማታ የአንደኛ ፎቋ ጎረቤታችን መጥታ፣ ቡና እስኪፈላ እንኳ ሳትታገሥ፣ «ፍሪጁን ለሌላ ሰው ቃል እንዳትገቡብኝ» አለች። በበነጋው ደላላ ደወለ፤ ለግለሰብ ነው ወይስ ለድርጅት የምናከራየው? ደረጃ በማጽዳት ተራ ተጣልቶን ሰላምታ የነፈገን ሰው በሬን አንኳኩቶ «ሰው ሲለያይ ቂም ይዞ አይሸኛኝም» ብሎ አቀፈኝ። ስንክድ ባሰ፤ ዲቪ የደረሰው ሰው እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ እንደሚክድ ማን ያጣዋል? «የአደጋ ጊዜ ሻንጣ ነው» ብለን በሩ ሥር ያለውን ስናሳያቸው፣ ዓይናቸው በቀጥታ እጀታው ላይ ወዳለችው የአየር መንገድ ወረቀት ይሄዳል። ከዚያ ይጠቅሳሉ። የሁለተኛ ፎቋ እትዬማ ሁለት ኪሎ በርበሬ በላስቲክ አሽገው መጡ። ሚኒሶታ ላለው ወንድማቸው ነው። አይሆንም ብንላቸው በሩ ሥር ትተውት ሄዱ።

ባለቤቴ ሻንጣውን ከነበርበሬው አንሥታ ከአልጋ ሥር፣ ከብርድ ልብሱ ጥቅልና ከተሰበረው የሕፃን አልጋ ኋላ ወሸቀችው። «እንግዲህ ሰው ይረሳል» አለች። ሰውም ሻንጣውን ረሳ፣ እኛም።

የካቲት 7፣ ዓርብ ማታ፣ ለአምስት ሰዓት ተኩል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ መተሐራ አካባቢ መጠኑ 6.0 የደረሰ መጣ። ይኼኛው ብርጭቆ አላንቃጨለም፤ ቡፌውን ራሱን ከግድግዳው አላቀቀው። ትልቋ ልጃችን «ዝቅ በሉ፣ ተከለሉ፣ ያዙ!» እያለች ሳሎን ጠረጴዛ ሥር ልትገባ ስትል እናቷ በእግሯ ጎትታ አወጣቻት፤ ጠረጴዛው መስታወት ነው። የምግብ ጠረጴዛው ሥር አምስታችንም ተጨናንቀን እግሩን ያዝን። ምክሩ ይኸው ነው፤ እየነቀነቀ ወደ ደረጃ አይሮጥም፣ ሰው የሚጎዳው በሩጫውና በሚወድቅበት ዕቃ ነው። ደረጃው ላይ ያለው ድምፅ ግን ምክሩን የሰማ ሰው እንደሌለ ይናገር ነበር።

ሲቆም ወረድን። ግቢው ውስጥ የነበረውን ትርኢት በደንብ ያየሁት የስልክ መብራቶች ሲበዙ ነው። አንዱ ቴሌቪዥኑን ነቅሎ አውርዷል። አንዱ፣ «ጋዝ ይዘጋ» ሲባል መስማቱ ትዝ ብሎት መሰለኝ፣ ሲሊንደሩን ከነጎማው ታቅፎ ቆሟል፤ አንድ ሰው አጠገቡ ሲጋራ ሊለኩስ ሲል ጥበቃው ጮኸበት። ወንዱ ልጃችን ሪሞት ይዟል። እኔ በአንድ እጄ ጋቢ፣ በሌላው የባለቤቴን አንድ እግር ጫማ። ባለቤቴ ትንሿን አዝላ በባዶ እግሯ ናት። የካቲት በቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ገና አልለቀቀም፤ ስልክ ሁሉም ሰው አንዴ ስለደወለ አይሠራም። ዜና ያለው የጥበቃው ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ ሠላሳ ሰው ከበበው፣ ሬዲዮው ዘፈን ያሰማል።

ከሁሉም በኋላ የሦስተኛ ፎቋ እማማ በሁለት ጎረምሶች ተደግፈው ወረዱ። ጫማቸውን አድርገዋል። ጋቢያቸውን ደርበዋል። በአንገታቸው የሚሠራ ባትሪ፣ በእጃቸው ሻይ የሞላ ፔርሙዝ፣ በመቀነታቸው ቆሎ። ሁላችንም ዝም ብለን አየናቸው።

«ምነው እማማ፣ ቀድሞ ተነግሮዎት ነበር እንዴ?»

«እኔ የማጀቴ ልጅ ነኝ» አሉ። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ስትፈርስ ሕፃን ነበሩ። «ያን ጊዜ በባዶ እግሬ ወጥቼ ድንጋይ በላኝ። ከዚያ ወዲህ ጫማዬ ካልጋዬ ሥር ተለይቶ አያውቅም። ደግሞ አንዴ መጥቶ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ፣ ወራት ነው የተመላለሰብን።» ሻዩን ለሕፃናቱ በክዳኑ እየቀዱ «ነነዌን የፈታነው ትናንት ነው፤ እግዜር አይቶናል» አሉ። ቀኑን ቆጠርኩት፤ እውነትም ትናንት ነበር።

ልጆቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ፣ በብርድ ማለቴ ነው፣ አንድ ሰው «ዕድሩ ድንኳን አለው አይደል?» አለ። ይኼን ጊዜ ነው ስንት ነገር አጠገባችን እንደተቀመጠ የገባኝ። ኮሙናሉ ውስጥ የዕድሩ ሁለት ትልልቅ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሰፈር የሚያበላ ብረት ድስት፣ መቶ ኩባያ፣ ሰሌን፣ ባለ ሁለት መቶ ሊትር የውሃ በርሜል አለ። ጥሩምባ ነፊ አለን። የአባላት ስም ዝርዝር ከነቤተሰብ ብዛቱ አለን። እኔ በቀይ ሻንጣ ልሰበስብ የደከምኩበት ነገር በየወሩ መዋጮ ተገዝቶ፣ ተቆጥሮ፣ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ያለው ንብረት ኃላፊው ጋ ነው። ንብረት ኃላፊው ቢሾፍቱ ለቅሶ ሄደዋል። ሰብሩት የሚል ተነሣ፤ ሊቀ መንበሩ ፒጃማቸውን እየጎተቱ «የቀብር ዕቃ ያለ ቀብር እንዲወጣ ደንቡ አይፈቅድም» አሉ። «ቀብሩ እስኪመጣ እንጠብቅ ነው የሚሉት?» አላቸው አንዱ ከጨለማው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ብርዱ ፍርሃቱን አሸንፎ ሁሉም ወደየቤቱ ወጣ። ባለቤቴ ሻንጣውን ጎትታ አወጣችው። ውስጡ የቀረው ፎቶ ኮፒ፣ ፊሽካ፣ ፋሻ፣ ጸበል፣ ትንሽ ድርቆሽና የሚኒሶታው በርበሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ሻንጣ የሚባል ነገርም ቀርቷል ማለት ይቻላል። የሁላችንም ጫማ ከአልጋ ሥር ነው። በየራስጌው ባትሪ ተንጠልጥሏል፣ ድንጋዩ ዝጎ እንዳያበላሸው ተነቅሎ በፌስታል አጠገቡ ታስሯል። ቡፌው ግድግዳው ላይ በብሎን ተይዟል። በሩ ጀርባ 939፣ 907፣ 991 ተጽፏል፤ እሳትና አደጋ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ ፖሊስ። ጀሪካኖቹ ላይ ምንም አልተለጠፈም፤ ከፊት ያለው ሲያልቅ ከኋላ ያለው ይቀድማል፣ ባዶው ፈረቃው በመጣ ቀን ይሞላል። ምግቡን በጾም አዙራዋለች፦ በቅበላ ቋንጣው ተበልቶ ያልቃል፣ በጾሙ በሶና ዳቦ ቆሎ ይገባል፣ ሲፈታ እንደገና ቋንጣ። ልጆቹ ሰርቀው የሚበሉት ነገር በሕግ የሚበሉት ሆነና ጣዕሙ ቀነሰባቸው። በርበሬውን ለእትዬ ብንመልስላቸው አኮረፉ፤ ወንድማቸው ላይ የጨከንን መሰላቸው።

ዕድሩ በሚቀጥለው እሑድ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ደንቡን ይዘው መጥተው ነበር፤ ማንም ስላልሰማቸው መልሰው አጠፉት። «ለቀብር» ከሚለው ቀጥሎ «ለድንገተኛ አደጋም» የሚል ይግባ ተባለ። ድጅኖ፣ አካፋና ገመድ ይገዛ ተባለ፤ ገንዘብ ያዡ ተነፈሰ። ረጅሙ ክርክር የቁልፍ ነበር። ሦስት ቅጂ ይቀረጽ፣ አንዱ ንብረት ኃላፊው፣ አንዱ ጥበቃው ጋ ይሁን። ሦስተኛው የትም የማይሄድ ሰው ጋ መሆን አለበት ሲባል ሁሉም ወደ እማማ ዞረ።

«እይዛለሁ» አሉ እማማ። «ግን እኔን ከሦስተኛ ፎቅ የሚያወርደኝ ማነው?»

ያን ማታ ደግፈው ያወረዷቸው ሁለቱ ልጆች ስማቸው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ተወሰነ። ጸሐፊው መጻፍ ሲጀምር አንደኛው እጁን አወጣ።

«እኔ እንኳ… በሚቀጥለው ወር ዱባይ ነኝ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ይኼኛውን አልሰማችም ኖሯል፣ አፏን በእጇ ያዘች። ጸሐፊው ስሙን ሰረዘና ቀና ብሎ «ሌላስ ማን አለ?» አለ።